አባ ወርቁ ቤት ስንት ነፍስ አለ?

ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ውሃ" ብዬ ዝም እላለሁ። ከዚያ ካለፍኩ መዘዝ ነው፤ ቢሉን ከኪሱ ያወጣዋል። ሠርግ ይሁን ግርዛት፣ የውሃ ወረቀቱን አራት እጥፍ አጣጥፎ ይዞ የሚዞር ሰው አላጣም። "ያየህ፣ እስኪ ይቺን እያት፣ ዘረፉኝ እኮ!" አንድ ጊዜ አማቴን ቀብረን ስንመለስ፣ ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ አንዱ ዘመድ ጠጋ ብሎ "እግዜር ያጽናህ" አለኝና ቀጠለ፦ "ለመሆኑ ይሄ ቢዩቭ የሚሉት ምንድን ነው፣ ሁለቴ የሚያስከፍሉን?" ቢዩቭ ማለት ፍሳሽ ነው። "የገባው ውሃ መውጣት አለበት፤ ለመግቢያውም ለመውጫውም ቱቦ ያስፈልጋል፤ ቱቦ ደግሞ ያረጃል" አልኩት። "ታዲያ ቱቦው ቢያረጅ እኔ ምን አገባኝ!" አለ። አልፈረድኩበትም። መሬት ውስጥ ያለ ነገር ለማንም አይታይም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያቭነ ባለው ቢሮ ኬክ ቆረጡልኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ። የሚቸኩልበት ለሌለው ሰው ሰዓት! ልጄ ደግሞ "አባ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ትሠራ እንደነበር እኮ አናውቅም። ጻፈው፤ እኛ ባናነበው እንኳ ይቀመጥ" አለችኝ። ባናነበው እንኳ! አማርኛ ማንበብ የት ያውቁና። እሺ ብዬ ጀመርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ጥፋቱን ግን አልቀየርኩትም፣ የራሴ ነው።

ከጎንደር ወደ እስራኤል መጥተን ቅርያት ማላኺ ቤት ሲደርሰን መጀመሪያ ቤኤር ቱቪያ ያሉት ፋብሪካዎች ዘንድ ካርቶን አጣጥፌአለሁ። ቀኑን ሙሉ ካርቶን። ማታ የዕብራይስጥ ትምህርት። ከዚያ የከተማው የውሃ ክፍል ቆፋሪ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። "መቆፈር ትችላለህ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሳቄ መጣ። በማግስቱ አካፋ ይዤ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ።

የቡድኑ አለቃ አልቤር ይባላል። ከሞሮኮ የመጣ፣ አጭር፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። ሲቆጣ በሦስት ቋንቋ ይሳደባል፤ ሲያመሰግን ግን በምንም ቋንቋ አያመሰግንም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከመኪናው ወንበር ሥር አንዲት የብረት ዘንግ ነበረችው። ውሃ ይጠፋል በተባለበት መንገድ ይሄድና የጉድጓዱን ክዳን ያነሣል፤ የዘንጓን አንድ ጫፍ ቱቦው ላይ ያቆማል፤ ሌላውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያን ጊዜ መኪና ቢያልፍ እንኳ አቤት ስድቡ! "ስማ፤ ትልቁ ቀዳዳ ያጉረመርማል፤ ትንሹ ያፏጫል። አንተ የሚያፏጨውን ፈልግ። የሚያጉረመርመው ነገ መንገዱን ሰንጥቆ ራሱ ይወጣል፤ የሚያፏጨው ግን ማንም ሳያየው ዓመት ይፈሳል" ይለኛል። ስምንት ወር ሙሉ ዘንጓን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰማሁት የራሴን የደም ሥር ብቻ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሰማሁት፤ ቀጭን ፉጨት። ቆፈርን፣ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አገኘን። አልቤር አየኝና "ምሳ ብላ" አለኝ። ያ ምስጋና ነበር።

ሌላው ልማዱ በታላቁ ጾም በኪፑር ዋዜማ ነው። ኪፑር ሊገባ ሲል፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ጸሎት ሲሄድ፣ አልቤር የሰፈሩን ዋና ቆጣሪ ያነባል። መስተዋቱን በራሱ መሐረብ ይጠርገውና ቁጥሩን ይጽፋል። ጾሙ ሲወጣ፣ ገና እህል ሳይቀምስ፣ ተመልሶ ያነባል። በዚያች ቀን የሚያጥብም የሚያበስልም የለም፤ ስለዚህ በቆጣሪው ያለፈውን ውሃ አብዛኛውን የጠጣው መሬት ነው። "ከተማው በዓመት አንድ ቀን እውነቱን ይነግርሃል" ይላል። ኋላ ሩቅ ሆነው በኮምፒዩተር የሚያነቡት ቆጣሪ ሲመጣ፣ እኔም ያቭነ ቢሮ ሆኜ መጀመሪያ የማየው የኪፑርን ቀን ነበር።

ሦስተኛውን ልማዱን መጀመሪያ ንቄው ነበር። ቱቦ ጠግነን ውሃውን ከመልቀቃችን በፊት አልቤር የሁላችንንም ስም ይጠራል። ስንት ነን ብሎ አይቆጥርም። "ያየህ!" ይላል፣ እኔም ቆሜ "ፖ!" እላለሁ፤ አለሁ ማለት ነው። እያየኝ እንኳ ይጠራኛል። "ምነው አልቤር፣ አምስት ነን፣ አምስት ቆመናል፤ ያላ፣ በል ክፈተው" አልኩት አንድ ቀን። "አምስት ነን ብለህ ትቆጥርና አምስተኛው መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሥራ ፈት ይሆናል፤ የአንተ ሰው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ "ፖ" እል ነበር።

ወገቤ አልችል ሲል ቆጣሪ አንባቢ አደረጉኝ፤ ቀጥሎም ገደራ ላኩኝ። ገደራ ሁለት ዓመት ከፍሳሽ ቱቦ ጋር ነበርኩ፤ ካሜራ በጎማ ላይ አስረን ቱቦ ውስጥ እንሰዳለን፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። የአገሩ የፍሳሽ ቱቦ አብዛኛው አርጅቶ ነበር፤ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ የዛፍ ሥር ውሃ ሸትቶት ይገባና ውስጡን እንደ ጢም ይሞላዋል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ከላይ አበባ ተክለን፣ አስፋልት አልብሰን የምንኖርበት ከተማ ከሥሩ ሽማግሌ ነው።

ከዚያ የከተሞቹ የውሃ ክፍሎች ተሰብስበው አንድ ድርጅት ሆኑ። ሰው "ታጊድ" ይለዋል። ቢሮው ያቭነ ሆነ፣ እኔም በየቀኑ በአውቶቡስ እመላለስ ጀመር። አለቃዬ ኦርና የምትባል መሐንዲስ ነበረች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ። ማንኛውንም ቁጥር ስታይ "ይሄ ከየት መጣ?" ትላለች። የሥራዋን ግማሽ የምትሠራው በዚያች ጥያቄ ነበር።

ስለ ውሃ ዋጋ በአጭሩ ልናገር፤ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። በዚህ አገር የውሃ ዋጋ ሁለት ነው። በቤቱ ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ውሃ በርካሽ ይታሰባል፤ ከዚያ ያለፈው በውድ ይታሰባል። ከክፍያው ተቀንሶ ያረጀ ቱቦ ይቀየራል። ዋጋውን የሚቆርጡት በላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ግን የሚቆርጡት ከየከተማው በሚላክላቸው ወረቀት ነው፦ ምን ያህል ቱቦ አረጀ፣ ምን ያህል ውሃ ይጠፋል፣ በየመንገዱ ስንት ሰው አለ። የትኛው መንገድ መጀመሪያ ይቆፈር የሚለውም ከዚያው ወረቀት ይወጣል። ቱቦው እኩል ያረጀ ከሆነ ብዙ ሰው ያለበት ይቀድማል። ያን ወረቀት ከሚያዘጋጁት አንዱ እኔ ነበርኩ። የምንመዘግበውን ሰው ወረቀቱ በዕብራይስጥ "ኔፋሾት" ይለዋል፤ ነፍሶች ማለት ነው።

ኦርና ጠርታኝ "ያየህ፣ ቅርያት ማላኺ ያለው የእናንተ ሰፈር ብዙ ቤት ኔፋሾት አላስመዘገበም። ሄደህ አስሞላቸው፤ ለእነሱም ይቀንስላቸዋል፣ ለእኛም ዝርዝሩ ይሞላል" አለች። "ቤሰደር"፣ እሺ ብዬ ፎርሙን ተሸክሜ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ዘረፉኝ የሚለውን ቢል ላስቀንስለት ነው የምሄደው!

የመጀመሪያው በር የአባ ወርቁ ነበር። አባ ወርቁ ከአባቴ ጋር በአንድ መንደር ያደጉ ሰው ናቸው። በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፉ፣ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያሉት ነገር በዚያ መንገድ ላይ ሕግ ነው። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፣ ከባለቤታቸው ከእማማ ዝማም ጋር። ተነሥተው አቅፈው ሳሙኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ፎርሙን አወጣሁ።

"አባ፣ ይቺ ለውሃው ናት። እቤትዎ ስንት ነፍስ አለ?"

"ነፍስ?"

"ሰው ማለቴ ነው። ወረቀቱ እንዲያ ስለሚል ነው።"

"የነፍስ ቁጥር ያለው እግዜር ዘንድ ነው፤ አንተ ማን ሆነህ ነው የምትጠይቀው?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና "ጻፍ። እኔና እሷ ነን" አሉኝ።

በሩ ሥር የልጆች ጫማ ተደርድሯል። የትምህርት ቤት ቦርሳዎች ወንበር ላይ ተቆልለዋል። ወጥ ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን አለ። የሟች ልጃቸው ሚስት የታጠበ ልብስ ተሸክማ በፊቴ አለፈችና "እንዴት ዋልክ" ብላኝ ሄደች። ሁሉንም አየሁ። ስምንት መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ግን እኛ ዘንድ የሰው ልጅ አይቆጠርም። "ስንት ልጅ አለህ?" ለሚል ሰው "ይመስገን፣ አሉ" ነው መልሱ። ቁጥር የሚጠራ ሰው ዓይን አለበት ይባላል። በዚያ ላይ ምራታቸውና ልጆቿ በዚያ ቤት አልተመዘገቡም፤ የመንግሥት ቤት ነው፣ "አስወጡ ይሉን ይሆን" የሚል ፍርሃትም ነበረባቸው ይመስለኛል። እኔ ደግሞ የአባቴ እኩያ ያሉትን ሰምቼ እንደገና ብጠይቅ "ዋሽተዋል" ማለቴ ነው። ነውር ነው። ሁለት ብዬ ጻፍኩ፣ አስፈረምኳቸው፣ መርቀው ሸኙኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ሦስተኛው መግቢያ ስደርስ ሁሉም ያውቃል። "አባ ወርቁ ምን አሉ?" ይሉኛል ገና በሩን ሲከፍቱ። ከዚያ "እኛም እኔና እሷ ነን።" ፎቅ ወጣሁ፣ እኔና እሷ። ወረድኩ፣ እኔና እሷ። ባሏ የሞተባት ሴት እንኳ "እኔና እሱ ነን" አለችኝ። ቢሮ ገብቼ ሳየው፣ በዚያ መንገድ ልጅ የወለደ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

ኦርና ወረቀቱን አየችው። እንደ ልማዷ "ይሄ ከየት መጣ?" አለች።

"ከየቤቱ። ፈርመዋል።"

"ያየህ፣ እዚህ መንገድ ላይ ልጅ የለም? ሁለት ሽማግሌ ይሄን ሁሉ ውሃ ምን ያደርጉታል? ውሃ እየጠፋ እንዳይሆን።"

ያን ጊዜ ነበር መናገር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ግን አባ ወርቁ በፈረሙበት ወረቀት ላይ "ሐሰት ነው" ልበል? ለውጭ ሰው? አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። "እኛ ሰዎች ንጽሕና እንጠብቃለን። ለሰንበት፣ ለመንጻት፣ ብዙ እንታጠባለን። ባህል ነው" አልኳት። ኦርና በአክብሮት ራስዋን ነቀነቀች፤ ከዳር ላይ "ባህል" ብላ ጻፈች። በዚህ አገር ባህል ነው ካልክ የሚከራከርህ የለም። ውሸቴ የተጠቀለለው በእውነት ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም፤ እውነትም ብዙ እንታጠባለን።

ዝርዝሩ ወጣ። ያ መንገድ የፍሳሽ ቱቦ ከሚቀየርላቸው ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ተቀመጠ። እንደ እሱ ያረጁ፣ ግን "ሰው የበዛባቸው" መንገዶች ቀደሙት። አየሁና ገጹን ገለበጥኩ። ቱቦው ስንት ዓመት ቆሟል፣ ትንሽ ቢጨምር ምን ይሆናል ብዬ።

በሁለተኛው ክረምት ሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ጧት ማላኺ ያለው ቡድን ደወለልኝ፤ አማርኛ የሚችል ሰው ፈልገው ነው። የመንገዱን ስም ሲነግሩኝ የአባ ወርቁ መንገድ ነው። ቱቦው በዛፍ ሥር ተዘግቶ፣ የዝናቡ ውሃ ተጨምሮበት፣ መሄጃ ያጣው ፍሳሽ ተመልሶ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል በኩል አባ ወርቁ ቤት ገብቷል።

ስደርስ ሰው ሁሉ ውጭ ቆሟል። ሠራተኞቹ ቱቦ አስገብተው ይመጥጣሉ፤ ሽታው መንገዱን ይዞታል። ከዚያ ቤት ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ምራታቸው ሕፃኑን አዝላ። ልጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። እማማ ዝማም ነጭ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጠቁሮ። ዕድሜያቸውን በሙሉ እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ ሲሸሹ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በወጣትነታቸው በወር አበባቸው ጊዜ እንኳ ከቤት ተለይተው የሚቀመጡ ነበሩ። አሁን የሰው ሁሉ እዳሪ መኝታ ቤታቸው ገባ። አላለቀሱም። እግራቸውን ዝቅ ብለው አዩና "ከእንግዲህ ይህ ቤት አይደለም" አሉ። መጨረሻ ላይ አባ ወርቁ ወጡ። ስምንት ሰው በዝናብ ቆመ፤ ሰፈሩ ሁሉ አየ፣ እኔም አየሁ። አባ ወርቁ ወደኔ ዞረው ተመለከቱኝ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ቤቱ ለብዙ ጊዜ የሚኖሩበት አልሆነም። ምራታቸው ልጆቿን ይዛ ያቭነ እህቷ ዘንድ ሄደች። ሁለቱ ሽማግሎች ገደራ ልጃቸው ትርንጎ ዘንድ ገቡ። "ቱቦው እስኪሠራ ነው፤ እመለሳለሁ" ይላሉ አሉ አባ ወርቁ፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ። አንድ ቤት ሁለት ሆነ።

በማግስቱ ኦርና ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫማዎቹን፣ ቦርሳዎቹን፣ "ባህል" ያልኩትን።

"ለምን?" አለች።

"አፈርኩ።"

"ከማን?"

ይሄን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደብዳቤ ጻፈችብኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ ተገቢ ነው። አላባረረችኝም። "ሰዎቹ ሁለት ናቸው ስለተባለ በውድ ከፈሉ። ሁለት ናቸው ስለተባለ ቱቧቸው ዘገየ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ወረቀት ነው። ሂድና እንደገና አስሞላ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አምጣልኝ፣ ዝርዝሩ ሳይዘጋ" አለችኝ። ካልሞላ ያ መንገድ ሌላ ክረምት ሊያገኘው ነው።

ግን እንዴት? ሄጄ ብጠይቅ ያው "እኔና እሷ ነን" ነው። ያን ጊዜ አልቤር ጡረታ ወጥቶ ጋን ያቭነ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። ሄድኩና ነገርኩት። ከሰደበኝ በኋላ ብርቱካን ላጠልኝ። "እናቴም እንዲያ ነበረች" አለ፤ "ስንት ልጅ አለሽ ካልካት በሩን ትዘጋብሃለች። አንተ ጉድጓድ ስንዘጋ ምን ነበር የማደርገው? ረሳኸው?"

አልረሳሁትም፤ አስቤው ግን አላውቅም ነበር። ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ "ስንት" የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። እቀመጣለሁ፣ ስለ ጤና እጠያየቃለሁ፣ ከዚያ "እስኪ የቤቱን ሰዎች በስማቸው ጥሩልኝ" እላለሁ። አቤት ለውጡ! ሰው የልጁን ቁጥር ይደብቃል እንጂ ስሙንስ ሲጠራ ደስ ይለዋል። እያንዳንዱን ስም በምርቃት ያወርዱታል፤ "እደግልኝ የምለው፣ ታላቁ"፤ "እሷ ደግሞ ወታደር ናት፣ እግዜር ይጠብቅልኝ።" እኔ መስመር መስመሩን እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ ራሱ ይቆጥራል። ስለ መንግሥት ቤቱ ለሚፈሩትም "ይሄ ወረቀት የውሃ ነው፤ ውሃ ማንንም ከቤት አያስወጣም" እያልኩ ከኦርና ያመጣሁትን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ።

ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን ስም መጀመሪያ ጠራችልኝ። "እሱ'ኮ አርፏል እታለም" ብላት፣ "ስም ነው የጠየቅኸኝ፣ እኔ ስሙን ከቤቴ አላወጣሁም" አለች። ሌላው ሰውዬ ጎንደር ላይ ወደዚህ አገር ለመምጣት ተራ የሚጠብቅ ወንድሙን አስጻፈኝ። "እሱ እዚህ ውሃ አይጠጣም" አልኩት። "ሊመጣ ነው፤ ቦታ ያዝለት" አለኝ። መጻፍ አይገባኝም ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ መሰረዝም አልቻልኩም፤ ቢሮ ገብቼ ነው የሰረዝኩት።

ዝርዝሩ ለኦርና በጊዜው ደረሰ። መንገዱ ወደ ላይ ወጣ፤ በሚቀጥለው በጋ ተቆፍሮ አዲስ ቱቦ ገባበት። ቢላቸውም ቀነሰ። ያለፈው የተከፈለው ግን በአብዛኛው እንደተከፈለ ቀረ።

የቀረኝ የአባ ወርቁ ቤት ነበር። ገደራ ለመሄድ ሳመነታ ቆየሁ፤ ቱቦው ካለቀ በኋላ ነው የሄድኩት። ልሰውረው አልፈልግም፣ ፈራሁ። ልጃቸው ትርንጎ ተቀበለችኝ። እማማ ዝማም ውስጥ ተኝተዋል አለችኝ። አባ ወርቁ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ከስተዋል። ሳሙኝ፣ እንደ ድሮው ስለ እናቴ ጠየቁ። ከዚያ ትርንጎን የቤቷን ሰዎች ስም ጠየቅኋት። እሷን፣ ባሏን፣ ልጆቿን ጠራችልኝ፤ ጻፍኩ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። እነ አባዬ እንግዶች ናቸው፣ ቤታቸው ማላኺ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንዲያ ካላልኩ ይከፋቸዋል።"

ፎርሙን ላጥፍ ነበር። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት፤ ያው ልማዴን ልደግም ነው። "እቴ ትርንጎ፣ እዚህ የሚታጠበውንና የሚጠጣውን ሁሉ ነው የምጽፈው" አልኳት። "ሌላስ?"

አባ ወርቁ እጃቸውን አነሡ። "ያየህ" አሉኝ። "ያን ቀን የልጆቹን ጫማ አይተሃል አይደል?"

"አይቻለሁ አባ።"

"ለምን ደግመህ አልጠየቅኸኝም?"

"አንቱን? እንዴት አድርጌ አባ? የአባቴ እኩያ ነዎት።"

"እቆጣህ ነበር" አሉ። "መጀመሪያ እቆጣህ ነበር። ትንሽ ዝም እልህ ነበር። ከዚያ እነግርህ ነበር።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አቆሙኝ፤ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

"ጻፍ። ወርቁ። ዝማም።"

"አባዬ፣ ቤታችሁስ?" አለች ትርንጎ። "ቱቦው አልቋል እኮ፣ ልትመለሱ አልነበር?"

"እናትሽ እግሬን አላስገባም ብላለች። ልጆቹም ሄደዋል። ማን አለ ብዬ ነው የምመለሰው?" አሉና እስክጽፍ ጠበቁኝ። ሁለቱንም ስም ጻፍኩ። ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።

በማግስቱ ቅርያት ማላኺ ሄድኩና የዚያን ቤት የውሃ ቆጣሪ በራሴ እጅ ዘጋሁት።